ስድስተኛውስ ስለ ምን ቀዳማዊ ይባላሉ?





በየመሥሪያ ቤታችን ለአንድ ሹም ደብዳቤ ስንጽፍ ስሙን ከነአባቱ፣ ማዕረጉንም ሳናጓድል ለመጻፍ እንጠነቀቃለን። ስለ ጳጳሳት በተጻፈ ጊዜ ግን የሹመት ስማቸው ብቻ ተጠርቶ፣ ከየት አገር እንደ ወጡና በማን ወንበር እንደ ተተኩ ሳይነገር ይታለፋል። ነገሩ ትንሽ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም።

እንደሚታወቀው በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጳጳስ የሚሆነው መነኩሴ ነው፤ በተሾመም ጊዜ አዲስ ስም ይሰጠዋል፤ የአባቱም ስም ከዚያ ወዲያ አይጠራም። ጣልያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የረሸናቸው አቡነ ጴጥሮስ አስቀድሞ መምህር ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ ደግሞ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ ነበሩ። ወደ ጎጃም ስንመጣ፣ ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው፤ የልደት ስማቸውም መልእክቱ ነው። እዚህ ደጀን ከማስተምራቸው ልጆች ይህን የሚያውቅ ከጣት ቁጥር አያልፍም። የሹመቱ ስም አገራቸውን ሸፍኖታል።

እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ የእንግሊዞቹን ልማድ አውቀዋለሁ። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ስም አይለውጡም፤ ሲፈርሙ ግን የቤተ ሰባቸውን ስም ትተው ከጥምቀት ስማቸው ቀጥሎ የመንበሩን የላቲን ስም አሳጥረው «ካንቱዋር» ይላሉ። የዮርኩም «ኤቦር» ይላሉ። ወንበሩን በሕይወት ሳሉ መልቀቅ ደግሞ በዚያ ነውር የለበትም። ሮዋን ዊልያምስ በ2005 ዓ.ም. ለቅቀው ወደ ኬምብሪጅ ኮሌጅ ሄዱ፤ ተተኪያቸው ጀስቲን ዌልቢም በ2017 ዓ.ም. ወረዱ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሣራ ሙላሊ ተሰየሙ፤ ሴት ሲሰየም የመጀመሪያዋ ናቸው።

በእኛ ዘንድ ግን ፓትርያርክ የሚሾመው እስከ ዕለተ ሞቱ ነው። ስለሆነም ተራ ቁጥሩ ሊመረመር ይገባል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ1968 ዓ.ም. ሦስተኛ ተብለው ሲሾሙ፣ ሁለተኛው አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ እስር ላይ በሕይወት ነበሩ፤ የተገደሉት በ1971 ዓ.ም. ነው። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሹመቱን አልቀበልም ያለችው በዚህ ምክንያት ነበር። አቡነ ጳውሎስ በ1984 ዓ.ም. አምስተኛ ሲባሉም አራተኛው አቡነ መርቆሬዎስ አልሞቱም ነበር። እርሳቸው ከስደት የተመለሱት በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜም በዕርቁ መሠረት እርሳቸው በጸሎት፣ ስድስተኛው አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ ተደረገ። በዚያ መለያየት ስንት ቤተ ሰብ በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሁለት ሲኖዶስ ተከፍሎ እንደ ኖረ አንባቢ ያውቀዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ የሚቆጥር ልጅ ግን ሁሉም በሞት የተተካኩ ይመስለዋል!

(የእስክንድርያ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የጋምቤላ አንግሊካኖች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ እስክንድርያ በሚባል የአንግሊካን ጠቅላይ ግዛት ሥር ናቸው። ስሙ አንድ ሆነ እንጂ መንበሩ ሌላ ነው።)

በቅርቡ አንድ ተማሪዬ «ስድስተኛ ከሆኑ ስለ ምን ቀዳማዊ ይባላሉ?» ብሎኛል። ስድስተኛ የሚለው ወንበሩን ይቆጥራል፤ ቀዳማዊ የሚለው ግን ስሙን ነው፤ ማትያስ ተብሎ በፓትርያርክነት የተቀመጠ ከእርሳቸው በፊት የለምና። ልጁ ወዲያው ገባው። ይህ በመጽሐፉ በአንድ መስመር ቢጻፍ ምን ይጎዳ ነበር?

መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነውና የቀድሞ ስሙን ማንሣት ድፍረት ነው የሚሉኝ አይጠፉም። ነገር ግን ስለ ጻድቁ ተክለ ሃይማኖት ሲነገር አባታቸው ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ፣ የልጅነት ስማቸውም ፍሥሐ ጽዮን እንደ ነበረ ይነገራል፤ ማንም ድፍረት አላለውም።

እንግዲህ የምለምነው ጋዜጠኞችና የመጻሕፍት አዘጋጆች የአንድ ጳጳስ ስም በጻፉ ጊዜ የቀድሞ ስማቸውንና የትውልድ አገራቸውን፣ ፓትርያርክም ከሆኑ ከፊተኛው የተተኩት በሞት ይሁን በሽረት አብረው እንዲጽፉልን ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከደጀን