«ማንን ጎዳሁ?»

ጉቦ ወደ ሰው ልብ ሲገባ በትንሽ ነገር ነው የሚጀምረው። በአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ የደረሰው ውርደት ለዚህ ምስክር ነው።

የኒው ዮርክ ከተማ ኮሌጅ ያለ ክፍያ የሚያስተምር፥ የድኻና የስደተኛ ልጆች መማሪያ ነበር። ልጆቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ. ም. ሁለቱን ታላላቅ የኮሌጆች ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸነፉ። ከእነርሱ በቀር ይህን ያደረገ የለም። በሚቀጥለው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ግን ከእነዚሁ ጀግኖች ሦስቱ ተያዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁማርተኛ የሚወራረደው ማን እንደሚያሸንፍ ብቻ አይደለም፤ በስንት ነጥብ እንደሚያሸንፍም ጭምር ነው። በ10 ነጥብ ይበልጣል የተባለው ቡድን በ6 ብቻ ቢያሸንፍ፥ በተቃራኒው የተወራረደው ገንዘቡን ይሰበስባል። ስለዚህ ተጫዋቹን፥ «ተሸነፍ አላልንህም፤ ጥቂት ነጥብ ብቻ አጉድል» ይሉታል። እርሱም፥ «ኮሌጄ አሸንፏል፤ ማንን ጎዳሁ?» ብሎ ራሱን ያታልላል። ዳሩ ግን ጥቂቱ ነጥብ በዚያ አይቆምም። የከተማው ኮሌጅ ጉቦ በገባባቸው ጨዋታዎች በሚዙሪ፥ በአሪዞናና በቦስተን ኮሌጅ እስከ መሸነፍ ደረሰ።

የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ፍራንክ ሆገን ምርመራውን ሲገፋበት ከ7 ኮሌጆች 32 ተጫዋቾች ተገኙበት። የተበላሹት ጨዋታዎችም 86 ነበሩ። ኤን ቢ ኤ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር በሩን ዘጋባቸው።

ይህን ሁሉ የገለጠው የአንድ ወጣት እምቢታ ነው። ጁኒየስ ኬሎግ በማንሃተን ኮሌጅ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነበር። በ1951 በጃንዋሪ ወር ቀድሞ በዚያው ቡድን ይጫወት የነበረ ሰው 1,000 ዶላር ሊሰጠው ቃል ገባለት። ኬሎግ ሀብታም አልነበረም፤ ነገር ግን እምቢ አለ፤ ሄዶም ለአሠልጣኙ ነገረው።

ወዳጄ ሆይ፤ አንተ ኳስ አትጫወት ይሆናል። ነገር ግን ነገ ከጠረጴዛህ ፊት አንድ ሰው ቆሞ፥ «ይህን ፋይል ጥቂት ቀን ብቻ አቆይልኝ» ይልህ ይሆናል። «ማንን እጎዳለሁ?» የሚለው ጥያቄ በልብህ ሲነሣ፥ «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ያለውን ልጅ አስታውስ። እምቢ ለማለት የሚቀለው በእንቁላሉ ጊዜ ነው፤ በበሬው ጊዜ አይደለም።