14,400 ሜጋ ዋት ታቅፎ ጨለማ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ግብፆች ባያውቁትም ኖረውበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ፕሬዚዳንት አልሲሲ በቤኒ ሱዌፍ፣ በቡሩሉስና በአዲሱ የአስተዳደር ከተማ የተገነቡ ሦስት የጋዝ ኃይል ማመንጫዎችን መረቁ። ሥራው የጀርመኑ ሲመንስና የአጋሮቹ ነው። የእያንዳንዳቸው አቅም 4,800፣ በድምሩ 14,400 ሜጋ ዋት!

ቴክኖሎጂው የሚናቅ አይደለም። መጀመሪያ ጋዙ ተቃጥሎ አንዱን ተርባይን ያሽከረክራል። ከዚያ የሚወጣው 600 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ትኩስ ጋዝ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ አይለቀቅም፤ ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱም ሁለተኛ ተርባይን ያዞራል። ለሁለተኛው ተጨማሪ ነዳጅ አያስፈልግም። የጋዝ ተርባይን ብቻውን ከነዳጁ ጉልበት 40 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀይር፣ ይኼኛው ከ60 በመቶ በላይ ይቀይራል።

ታዲያ በ2023 እና በ2024 የሙቀት ወራት ካይሮ ለምን በፈረቃ ጨለመች? ማሽን ጠፍቶ አይደለም። ጋዝ አጥሮ ነው።

የተቆጠበው ጋዝስ የት ገባ? በነሐሴ 2022 መንግሥት የመንገድና የገበያ ማዕከላት መብራት እንዲቀነስ ያዘዘው ጋዙን ለውጭ ሸጦ ዶላር ለማግኘት ነበር። ብዙ የተወራለት የዞር የጋዝ ማውጫ ምርትም አሽቆለቆለ። ጉድለቱን ለመሙላት የእስራኤል ጋዝ ተገዛ። በሰኔ 2025 እስራኤልና ኢራን ጦርነት ሲገጥሙ እሱም ተቋረጠ፤ የግብፅ ማዳበሪያ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ።

ቆጣቢ ምድጃ እንጨት ይቆጥባል እንጂ እንጨት አያበቅልም። መሪዎች ግን ምድጃውን እያሳዩ «እራት ደርሷል» ይላሉ።

አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በካይሮ ጨለማ የሚስቅም አይጠፋም። እሱም ደጁን ይመልከት። ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ ጋዝም አይለምንም። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ግን ዛሬም መብራት የለውም። እዚያ የጎደለው ጋዝ ነው፣ እዚህ የጎደለው መስመር። ለጨለመበት ቤት ልዩነት የለውም።

ሪባን በተቆረጠ ቁጥር ለሜጋ ዋት ማጨብጨብ ይብቃ። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ነዳጁ ከየት ይመጣል? መስመሩስ የማን ደጅ ይደርሳል?