የፊልም ትርፍ የማን ነው? የ«ሳንኮፋ» ሂሳብ

ገንዘቡን በፊልም ላይ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ታሪኩ ጥሩ ነው ወይ? ተዋናዩስ ማነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው ሁለተኛ ነው። ጨርቅ የሚያስመጣ የመርካቶ ነጋዴ የጨርቁን ውበት ከማድነቁ በፊት ማን እንደሚገዛው፣ በስንት እጅ እንደሚያልፍና በየእጁ ምን ያህል እንደሚቀር ያሰላል። ፊልም ግን ጥበብ ነው እየተባለ ከዚህ ስሌት ውጭ ይደረጋል። ፊልም ጥበብ መሆኑ አያከራክርም፤ ቲኬት ከተሸጠበት ሰዓት ጀምሮ ግን ሸቀጥም ነው።

ይህንን ከፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የሥራ ታሪክ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል። (ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት የአዋጁ ዓመት ካልሆነ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኒህ ሰው ስማቸው የሚነሳው በአብዛኛው በዳይሬክተርነታቸው ነው። የገበያ ገጽ አንባቢን ይበልጥ ሊያስተምር የሚገባው ግን ፕሮዲዩሰርነታቸውና አከፋፋይነታቸው ነው።

ፕሮፌሰሩ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ቴአትር እየጻፉ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ያሳዩ ስለነበር፣ ትርኢትን ይዞ ተመልካች ዘንድ መሄድ ለልጅየው እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው መጀመሪያ ቺካጎ ቴአትር፣ በኋላም በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠኑ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን በአማርኛ የተሠራ ፊልማቸውን በ1976 ለዕይታ አበቁ። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። ይህ የማስተማር ሥራ ኋላ ለምናነሳው ሂሳብ ያስፈልገናልና አንባቢ ልብ ይበል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። «ሳንኮፋ» በባርነት ዘመን ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው። ፕሮፌሰሩ ለዚህ ፊልም ገንዘብ ሲያሰባስቡ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ፊታቸውን ስላዞሩ ገንዘቡ ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶና ከአውሮፓ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጭምር እየተለቀመ ተጠራቀመ። ጠቅላላ ወጪው ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ይህ በሆሊውድ ሚዛን ኪስ የሚሞላ ገንዘብ አልነበረም። ፊልሙ በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ከበርሊን በኋላም ቢሆን በአሜሪካ ሊያከፋፍለው የሚፈልግ ኩባንያ አልተገኘም።

አብዛኛው ፕሮዲዩሰር እዚህ ላይ ፊልሙን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ወይም በተሰጠው ዋጋ ይሸጣል። ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ግን በዋሽንግተን ባዮግራፍ የተባለውን ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራዩ። ፊልሙ እዚያ ለ11 ሳምንት ታየ። ከዚያም በዚሁ ዘዴ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ወደ 35 በሚሆኑ ከተሞች ቀረበ። በመጨረሻ የገባው ገንዘብ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ይነገራል።

የዚህን ዘዴ ጥቅምና ጉዳት ለማየት አንድ የምናብ ስሌት እንሥራ። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሲሆን በሳምንት 60,000 ብር ያስገባል እንበል። በተለመደው አሠራር ግማሹን ሲኒማ ቤቱ ይወስዳል፤ ከቀረው 30,000 ላይ አከፋፋዩ 30 በመቶ ቢያነሳ ለፕሮዲዩሰሩ 21,000 ይደርሰዋል። አዳራሹን በ20,000 ብር ከተከራየው ግን 40,000 በእጁ ይገባል። አዳራሹ ግማሹ ብቻ ቢሞላስ? በመጀመሪያው መንገድ 10,500፣ በኪራዩ መንገድ 10,000፤ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሩቡ ብቻ ከሞላ በመጀመሪያው መንገድ 5,250 ሲያገኝ በኪራዩ 5,000 ይከስራል። የማስታወቂያ ወጪን ለጊዜው ትተነዋል።

ስለዚህ ነገሩ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ አዳራሹ ከግማሽ በላይ እንደሚሞላ የሚያውቅ ማነው? አከፋፋዮቹ አያውቁም ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ስለ ባርነት የሚያወራ ረጅም ፊልም ለማየት ገንዘብ ያወጣሉ ብለው አላመኑም። ፕሮፌሰሩና ባለቤታቸው ግን ከዚያ ሕዝብ መካከል ይኖራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ማኅበራቱን ያውቃሉ። በኢኮኖሚክስ አነጋገር መረጃው በሻጩ እጅ ነበር፤ መረጃ ያለው ደግሞ አደጋውን ራሱ ቢሸከም ትርፉም የራሱ ይሆናል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ድፍረት የተባለው ነገር ከሌሎች የተሻለ የገበያ እውቀት ነበር።

እዚህ ላይ ደላላ አንባቢያችን «ዘጠኝ ዓመት ገንዘብ ሲለምኑ መኖር ምን ዓይነት ንግድ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። የጊዜ ዋጋ ሲታሰብ ትርፉ በጣም ይቀንሳል። በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» 14 ዓመት ወስዷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤት ያቆመው የመምህርነት ደመወዝ ነው። ሌላ ገቢ የሌለው ፕሮዲዩሰር ይህንን መንገድ ልከተል ቢል መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የፕሮፌሰሩ አካሄድ በሙሉ እንዲቀዳ አንመክርም።

ሊቀዳ የሚገባው ሌላው ግማሽ ነው፤ እሱም መብቱን አለመሸጥ። ባልና ሚስቱ ከፊልሙ በኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። በ2019 የንብረት ግብር ሲከብዳቸው የከተማው ምክር ቤት እፎይታ እስከመስጠት የደረሰው ቤቱ ለአካባቢው ያለውን ዋጋ አይቶ ነው። በ2021 ደግሞ «ሳንኮፋ» ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀረበ። ፊልሙ ከወጣ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። በ1993 ተስፋ ቆርጠው በርካሽ ሸጠውት ቢሆን ኖሮ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ የሚደራደረው ሌላ ሰው በሆነ ነበር። ፊልም እንደ ቲማቲም የሚበሰብስ ሸቀጥ አይደለም፤ እንደ ቤት ደጋግሞ ሊከራይ የሚችል ንብረት ነው።

በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ንብረት ሕግ አለው። ሕግ መኖሩ ግን ባለንብረቱን ከውል ንባብ አያድነውም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ፣ ለሲኒማ ቤት፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያና ለኢንተርኔት የሚሰጠውን መብት በየፈርጁና በየዘመኑ ለይቶ የማይጽፍ ፕሮዲዩሰር ሞፈሩን ራሱ እየቆረጠ የሚሰጥ ነው።

በፊልም ላይ ገንዘብ ለማዋል ያሰበ ባለሀብት ከታሪኩና ከተዋናዩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ቲኬቱን የሚገዛውን ሰው ከመካከላችን በቅርብ የሚያውቀው ማነው? ፊልሙ ከታየ በኋላ መብቱ በማን ስም ይቀመጣል? ገንዘቤ ሳይመለስ ስንት ዓመት መቆየት እችላለሁ? ሦስቱንም በቁጥርና በውል መመለስ የሚችል ፕሮዲዩሰር ካገኘ ገንዘቡን ይስጥ። ካላገኘ ግን እርዳታ እየሰጠ መሆኑን አውቆ ይስጥ።