በጭንቅ ቀን «እሺ» ከማለታችን በፊት



እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ፈንድቶ 3 ሰዎች ሞቱ። አፕሪል 19 ቀን አንደኛው ተጠርጣሪ ሲታደን የአካባቢው ሕዝብ ከቤቱ እንዳይወጣ ተጠየቀ፤ አውቶቡስና ባቡር ቆመ፤ ሱቆች ተዘጉ። ወተርታውን በተባለችው ከተማ የታጠቁ ፖሊሶች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ብዙው ነዋሪ ያለ ክርክር በሩን ከፈተ። ሰውዬው ሲያዝም ሕዝቡ መንገድ ዳር ቆሞ አጨበጨበላቸው።

ይህን ትብብር አልነቅፍም። ነገር ግን ትብብር ሌላ፣ ፈቃድ ሌላ ነው። የሱቅና የታክሲ ባለቤቶች ይህን ልዩነት ጭንቁ ሳይመጣ ልናውቀው ይገባል።

እውነተኛ አደጋ ሲኖር ሕጉ የእኛን ፈቃድ አይጠብቅም። በ1962 ባልቲሞር ውስጥ አንድ የታክሲ ኩባንያ በመሣሪያ ተዘረፈ። ሁለት የታክሲ ነጂዎች ዘራፊውን እስከ ገባበት ቤት ተከተሉት፤ አንደኛው በሬዲዮ አስታወቀ። ፖሊሶች በደቂቃዎች ውስጥ ደርሰው ያለ ማዘዣ ገቡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1967 መግባታቸውን አጸደቀ። ሆኖም እንዲህ ያለው ሥልጣን ከአደጋው ጋር አብሮ ያበቃል፤ ሰው ብቻ የሚፈልግ ፖሊስ የሱቅ መሳቢያ የሚከፍትበት ምክንያት የለውም።

«እሺ፣ ፈትሹ» ካልን ግን መሳቢያውም ሊከፈት ይችላል። በ1973 ይኸው ፍርድ ቤት በካሊፎርኒያ ስለ ተፈተሸ አንድ መኪና ሲወስን፣ ፖሊስ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም ብሏል። ፈቃዱን የሰጠው ደግሞ መኪናው የወንድሜ ነው ያለ ሰው ነበር። ታክሲውን ለሌላ ሾፌር የሚሰጥ ባለቤት ይህን ልብ ይበል።

«ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» የሚሉ አሉ። ሱቃችን ውስጥ ያለው ግን የእኛ ብቻ አይደለም። የደንበኛው የዱቤ መዝገብ፣ የሠራተኛው የግል ወረቀት፣ ተሳፋሪ የረሳው ቦርሳ በአደራ እጃችን ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቤት ለቤት አሰሳን ያየ ሰው ዩኒፎርም ሲያይ «እሺ» ቢቀናው አልፈርድበትም። እዚህ አገር ግን አንደበታችን ዋጋ አለው።

ጠበቃ ሳልሆን የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ምክሬም ቀላል ነው። በመጀመሪያ በትሕትና «ፈቃዴን እየጠየቃችሁኝ ነው ወይስ እያዘዛችሁኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትእዛዝ ከሆነ «አልከለክልም፣ ግን አልፈቀድኩም» በሉ፤ በእጃችሁ ግን ከቶ አትከላከሉ። ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ወስናችሁ ፍቀዱ፦ «ጓሮውንና መጋዘኑን እዩ፣ መዝገቡን ግን አይደለም» ማለት ይቻላል። ለሠራተኛና ለሾፌር ማን ፈቃድ መስጠት እንደሚችል ዛሬውኑ ንገሩ።

የወተርታውኑ ተጠርጣሪ በመጨረሻ የተገኘው ከቤት አትውጡ የሚለው ጥሪ ከተነሣ በኋላ ነው። አንድ ነዋሪ ጓሮው ያለችውን ጀልባ ሊያይ ወጥቶ አገኘውና ለፖሊስ ደወለ። ንቁ ሆኖ ማየትና ፈጥኖ መደወል ከማንም የምንጠብቀው ትብብር ነው፤ መብታችንን ማወቃችንም ከዚህ ትብብር አንዳች አይቀንስም።