ለማን ጣት፣ ለየትኛው ቅኝት

የፎገራ ሜዳ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ይተኛበታል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ጠርገው ያመጡትን ጎርፍና ደለል ጣና ከመድረሳቸው በፊት እዚሁ ያራግፉታል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ አብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ እህል አይደላውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሩዝ ወደ አካባቢው ሲገባ ግን ውኃ የተኛበት ማሳ ይዞ የተቸገረ ገበሬ ጠበቀው። እንግዳው ዘር የአገሬውን ችግር ስለፈታ ሥር ሰደደ፤ ዛሬ ወረታ የፎገራ ብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ከውጭ የመጣን ነገር ሁሉ የምመዝነው በዚህ ሚዛን ነው፤ የማንን ችግር ሊፈታ መጣ?

በዚህ ጽሑፍ የምመዝነው ሩዝ ሳይሆን ጊታር ነው። መልቲስኬል የሚባለው፣ ክሮቹ የተለያየ ርዝመት ያላቸውና በአንገቱ ላይ ያሉት የድምፅ መከፋፈያ ብረቶች (ፍሬቶች) እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ዛሬ በትዕዛዝ ጊታር በሚያሠሩ ሙዚቀኞች ዘንድ ተፈላጊ ነው። ኢትዮጵያዊ ወጣትም በስልኩ እያየ ይመኘዋል። መሣሪያው ብልሃት ያለበት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የሚፈታው ችግር ሌሎች የገጠማቸውን ነው፤ የእኛ ጊታር ተጫዋች ዋና ችግር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስለዚህ ከማዘዛችን በፊት ልኩን ከራሳችን ቅኝት መጀመር አለብን።

መጀመሪያ ብልሃቱን እንረዳው። የአንድ ክር ድምፅ ውፍረትና ቅጥነት በ3 ነገሮች ይወሰናል፤ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ፈረንሳዊው ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1636 ይህንን ሕግ በቁጥር አስቀምጦታል። ክር ሲረዝም ወይም ሲከብድ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲወጠር ይቀጥናል። የፋብሪካ ጊታር ግን ክሮቹን ሁሉ በአንድ ርዝመት ይወጥራል። በአብዛኞቹ የፌንደር ጊታሮች ይህ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር፣ በጊብሰን ደግሞ 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አንድ ልክ ላይ ቀጭኑ ክር በሰከንድ 330 ጊዜ፣ ወፍራሙ 82 ጊዜ ያህል መርገብገብ አለበት። ሰባተኛ ክር ሲጨመር ደግሞ ቁጥሩ ወደ 62 ይወርዳል። ርዝመቱ ካልተለወጠ ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ክሩን ማክበድ ወይም ማላላት። የከበደ ክር ይደርቅና ድምፁ ይደፈናል። የላላ ክር ደግሞ ፍሬቱን እየነካ ይንጫጫል፤ ጣት ሲጫነውም ከቅኝቱ ይወጣል።

መልቲስኬል ለዚህ መልስ አለው። ቀጭኑን ክር በ648 ሚሊ ሜትር ትቶ ወፍራሙን ወደ 686 ያስረዝመዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው ክር በዚያው ድምፅ ሲቃኝ ውጥረቱ በ12 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሌላ አነጋገር፣ በዚያው ውጥረት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ መቃኘት ይቻላል። እያንዳንዱ ክር የራሱ ርዝመት ስላለው የድምፅ ክፍፍሉም የራሱ ነው። የኦክታቩ ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ መዋል ስላለበት በአንዱ ክር 324፣ በሌላው 343 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። ፍሬቶቹ የሚያጋድሉት በዚህ የተነሳ ነው።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዞች ይጫወቱት የነበረው ኦርፋሪየን የተባለ ባለ ብረት ክር መሣሪያ ፍሬቶቹ ያጋደሉ ነበሩ። ካሊፎርኒያዊው ሠሪ ራልፍ ኖቫክ ሐሳቡን ለኤሌክትሪክ ጊታር አውሎ እ.ኤ.አ. በ1989 የፈጠራ መብት አገኘበት። የጃዝ ተጫዋቹ ቻርሊ ሃንተር በኖቫክ ባለ 8 ክር ጊታር ቤዙንና ሊዱን በአንድ ጊዜ እየተጫወተ አስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ ክሮቻቸውን እጅግ ዝቅ አድርገው የሚቃኙ የሜታል ሙዚቀኞች ተቀበሉት። ቤዙንና ሊዱን አንድ ላይ የያዘ የጃዝ ሰውና ወፍራም ድምፅ የተጠማ የሜታል ባንድ፣ ሁለቱም እውነተኛ ችግር ነበረባቸው፤ መሣሪያውም ፈታላቸው።

እኛ ዘንድስ? መርሁ ለሠሪዎቻችን እንግዳ አይደለም። ክራር አጭር ነው፤ ክሮቹም ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ። የባህል ባንዶች ቤዝ ሲያስፈልጋቸው ትልቅ ክራር አሠርተው ቤዝ ክራር አሉት፤ ከሊድ ክራሩ ጎንም አቆሙት። በገና ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው ወፍራም ድምፅ ስለሚፈለግበት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ ስለሚሠራ በአንድ አካል ሁለት ልክ፣ ሁለት ድምፅ ይይዛል። ወፍራም ድምፅ ሰፊ ወይም ረጅም አካል እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሠሪ የመልቲስኬልን ቁም ነገር ያውቃል ማለት ነው።

በትዕዛዝ ማሠራትም የኖረ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ብዙ ጊዜ ራሱ ይሠራል፤ ካልሆነም ለሚያውቀው ባለሙያ ይነግራል። ክራር ቋሚ የድምፅ ልክ የለውም፤ ለሚያዜመው ሰው ጉሮሮ ይቃኛል፤ ዘፈኑ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገርም እንደገና ይቃኛል። መሣሪያው ለሰው ይታዘዛል እንጂ ሰው ለመሣሪያው አይታዘዝም። ይህን ሥርዓት ያስቀረው በአንድ ልክ ተፈብርኮ የመጣው ጊታር ነው። ስለዚህ በትዕዛዝ ጊታር የሚያሠራ ወጣት አዲስ ነገር ጀመረ ከማለት ወደ አባቶቹ ልማድ ተመለሰ ማለት ይቀላል።

ታዲያ ትዕዛዙ ሲጻፍ ምን ይጠየቃል? ጥሩ ሠሪ ከቀለሙ በፊት ቁጥሮቹን ይጠይቃል። የክሮቹ ብዛት ስንት ነው? ወፍራሙ ክር ወደየትኛው ድምፅ ይቃኛል? ከየትኛው ውፍረት ክር ጋር? ሳያጋድል ቀጥ ብሎ የሚቀረው ፍሬት የትኛው ይሁን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የተጫዋቹን አንጓ በቀጥታ ይነካዋል። ቀጥታው ፍሬት 7ኛው አካባቢ ከሆነ ማጋደሉ ለሁለቱም ጫፍ ይከፋፈላል። ወደ ላይኛው የአንገት ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ 12ኛው ከተገፋ ግን የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች በጣም ያጋድሉና ኮርድ ለመያዝ እጅ ይቸገራል። የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት በ648ቱ ክር ላይ 36.4፣ በ686ቱ ላይ 38.5 ሚሊ ሜትር ነው። የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት አጭር ጣት ላለው ሰው ቀላል አይደለም።

መሣሪያው እጅ ሲገባም ጠባዩን ያሳያል። ወፍራሙ ክር ጠንክሮና ጠርቶ ይናገራል፤ በኃይል ሲመታ አይዋልልም። ቀጭኑ ክር ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር ሊድ ለመጫወትና ክሩን በጣት ገፍቶ ድምፁን ለማንሳት ይመቻል። ማጋደሉን ጣት ቶሎ ይለምደዋል፤ ክንድ ወደ ጎን ተከፍቶ ሲያዝ እጅ በተፈጥሮው እንደዚያው ያጋድላልና። ጣጣው ያለው መለዋወጫው ላይ ነው። ብሪጁ ያጋደለ፣ ፒክአፑም አብዛኛውን ጊዜ ያጋደለ ስለሆነ አንዱ ሲበላሽ ከሱቅ የሚገኘው ተራ ዕቃ አይገጥምም። ክረምት ውኃ፣ በጋ ፀሐይ በሚፈራረቁበት እንደ ወረታ ባለ አገር እንጨት ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ አንገትም ይጎብጣል። ማሲንቆ ቆዳው በእርጥበት ሲላላ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ይሞቃል፤ ባለቤቱም እዚያው ይጠግነዋል። የጊታሩ አንገት ውስጥ ያለውን ብረት በልኩ የሚያጠብቅ ባለሙያ ግን በየከተማው አይገኝም።

ይህ ሁሉ ወጪና ጣጣ ይገባው ይሆን? የሚወስነው የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ሰባትና ስምንት ክር ይዞ በጣም ዝቅ ብሎ ለሚቃኝ ሰው ይገባዋል። ባለ 6 ክር ጊታር በተለመደው ቅኝት ይዞ ትዝታና አምባሰል ለሚጫወት ግን የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ወፍራሙ ክሩ ድሮም አልላላበትም።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ያጋደለ ፍሬት የክሩን ውጥረት ያስተካክላል እንጂ ድምፆቹን አይለውጥም። ኦክታቩ እንደ ፒያኖው በ12 እኩል ደረጃ እንደተከፋፈለ ይቀራል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ በሰው ጉሮሮና በማሲንቆ ሲዜሙ ግን ድምፆቹ ሁልጊዜ እነዚያ ደረጃዎች ላይ አይረግጡም። አንቺሆዬን በማሲንቆ የሰማ ሰው በጊታር ሲሰማው አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል። ማሲንቆ ፍሬት የለበትም፤ ተጫዋቹ የፈረስ ጭራውን አንገቱ ላይ ሳይጫን በጣቱ ይነካውና የፈለገበት ድምፅ ላይ ያርፋል። የጊታር ተጫዋቻችን ችግር ይህ ነው፤ መልቲስኬል ደግሞ ይህን አይነካውም።

ይህን ችግር የተጋፈጡ ሌሎች አሉ። ቱርካዊው ኤርካን ኦጉር እ.ኤ.አ. በ1976 ፍሬት አልባ ክላሲክ ጊታር ሠርቶ የአገሩን ዜማ በጊታር አስዜመ። ሌላው ቱርካዊ ቶልጋሃን ቾውሉ እ.ኤ.አ. በ2008 በእያንዳንዱ ክር ሥር የሚንሸራተቱና የሚጨመሩ ፍሬቶች ያሉት ጊታር ነደፈ። ሁለቱም የተነሡት ከአገራቸው ዜማ ነው፤ መሣሪያውን ለዚያ ዜማ አስገዙት። በእኛም በኩል ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በነበሩበት ጊዜ ክራርን በማዘመን ሐሳብ ላይ ሠርተዋል። የእሳቸው ሥራ ከክራር ተነሥቶ ወደ ዘመናዊው ያቀናል፤ ከጊታር ተነሥቶ ወደ ቅኝቱ የሚያቀናው መንገድ ገና ሰው ይፈልጋል።

የሚቃወመኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የአይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲሠራ ጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ልዩ ጊታር አላስፈለገውም ይለኛል። እውነት ነው። ያ ትውልድ የፋብሪካውን ጊታር በጣቱ ብልሃት፣ ክር በመግፋትና በማንሸራተት ቅኝቱን አናገረው። ይህ ግን የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል። ቅኝቱ ጆሮና ጣት ውስጥ ሳይገባ የሚታዘዝ ጊታር የትኛውንም ያህል ውድ ቢሆን ዝም ይላል። ቅኝቱ ሲገባ ደግሞ ተጫዋቹ ፍሬቱ የት ላይ እንደሚከለክለው በትክክል ያውቃል፤ የትዕዛዙ ወረቀት መጻፍ ያለበት ያን ጊዜ ነው።

ፎገራ ስለ አዲስ ነገር የሚያስተምረን ሰው አለው። የናበጋ ጊዮርጊሱ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ይታወቃሉ፤ በሊቃውንቱ ዘንድ ግን በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው የማኅሌት አቋቋም የእሳቸው ነው። ንቅናቄውን ከጣና ማዕበልና ከዳር ካለው ሸምበቆ መወዛወዝ እንደወሰዱት ይነገራል። የጎንደር ካህናት ባይቀበሉትም ደብረ ታቦር ተቀብሎት ዛሬ የተክሌ አቋቋም ማዕከል ሆኗል። አለቃ የያሬድን ዜማ አልነኩም፤ የለወጡት የአካሉን እንቅስቃሴ ነው፤ እሱንም ከአገራቸው ውኃ ቀዱት። ጊታር ሠሪና ተጫዋችም እንዲህ ቢያስቡ ያምርባቸዋል። ዜማው ይጠበቅ፤ መሣሪያው ለዜማው ይታዘዝ።

ሥራውን እዚሁ መጀመር ይቻላል። ከበሮ የሚቦረቦርበት ዋንዛ ቀላል፣ ለሥራ የሚታዘዝ እንጨት ነው፤ የምዕራብ ጊታር ሠሪዎች የሚሻሙበት የመካከለኛው አሜሪካ ዚሪኮቴም የዚሁ የዋንዛ ዘመድ ነው። የወይራ ጥንካሬ ለጊታር አንገት ፊት ይሆናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬም እንጨቱ ከገበሬው ማሳ በስምምነት ቢመጣ ይሻላል። ፍሬት ማስቀመጥም ምስጢር የለውም፤ የቀረውን የክር ርዝመት በየደረጃው ለ17.817 ማካፈል ነው። ፒክአፑ፣ የፍሬቱ ሽቦና የአንገቱ ብረት ከውጭ ይገባሉ። ክራርን በኤሌክትሪክ ማሰማት የለመደ አገር ግን እነዚህን መግጠም አያቅተውም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መልቲስኬል ጊታር ዝቅ ብሎ ለሚቃኝ ሰው የሚገባ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለትዝታና ለአንቺሆዬ ግን ችግሩን ሳይፈታ ገንዘብ ያስወጣል። ጊታር ለማዘዝ የምታስብ ወጣት፣ አስቀድመህ ከማሲንቆ ተጫዋች ጎን ተቀመጥ፤ አራቱን ቅኝቶች በጆሮህ ለይ፤ ፍሬትህ የት ላይ እንደሚያስቸግርህ ጻፍ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘህ መጀመሪያ ባሕር ማዶ ላለ ሠሪ ሳይሆን ክራር ለሚሠራ አገርህ ባለሙያ አሳየው። እሱ ሊሠራው ባይችል እንኳ የሚያነሳልህ ጥያቄ ከማንም የተሻለ ይሆናል።