የውሰት ጉልበት

ባለፈው ወር ከእራት በኋላ በመኝታ ቤታችን ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ እንደ ልማዳችን ከእግር ኳስ ጀመረ። አንድ ጓደኛችን፣ የሕግ ተማሪ ነው፣ «በውሰት የተሰጠ ተጫዋች የተጣለ ተጫዋች ነው፤ ጣልነው ማለት ስለሚያሳፍር አዋስነው ይባላል» ሲል ፈረደ። አልጋቸው ላይ ተጋድመው ያዳምጡ የነበሩት ሁሉ ፍርዱን በሳቅ አጸደቁለት። እኔ ግን አልሳቅሁም። ምክንያቱን በዚያ ሌሊት ለመናገር ስላልፈለግሁ፣ ዛሬ በኅብረታችን መጽሔት አማካይነት ለአንባቢዎቼ ላቀርበው ወደድሁ።

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ጉልበትና ስለ ጅማት ምን አገባው የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ነገር ግን ክርክሩ የተነሣው በአንድ ቃል ላይ ነው፤ ቃል ደግሞ የእኛ የፋኩልቲያችን ሥራ ነው። «ውሰት» የሚለውን ቃል እግር ኳስ ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት እናውቀዋለን፤ ይልቁንም እኔ የተወለድሁበት የላስታ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል።

በላስታ ደጋ መሬቱ ቁልቁለት፣ አፈሩም የደከመ ነው። ጥማድ በሬ ያለው ሰው እንደ ባለጸጋ ይቆጠራል። አንድ በሬ ያለው፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ምንም የሌለው ይዋሳል። በሬ ሲዋሱ ታዲያ ገመዱን ይዞ ዝም ብሎ መሄድ የለም። አያቴ በሬውን ከማዋሱ በፊት የሚታረሰው መሬት ጭንጫ ነው ወይስ ለስላሳ፣ ከማን በሬ ጋር ይጠመዳል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ማታስ ምን ይበላል እያለ ይጠይቅ ነበር። አንድ ዓመት በሬው ከገደል አፋፍ ተንሸራትቶ እግሩ ተጎዳ። ከዳነ በኋላ አያቴ ወዲያው ወደ ራሱ ድንጋያማ ማሳ አላስገባውም፤ ከእኛ ዝቅ ብሎ ለስላሳ መሬት ላለው ዘመዱ አዋሰው። በየሳምንቱም ወርዶ እግሩን ይዳስሳል፣ ቀንበሩ ትከሻውን መልጦት እንደሆነ ያያል። በጎረቤት ዘንድ አያቴን «በሬውን ጣለው» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ውሰት ማለት ባለቤቱ ሳይረሳ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃልና።

አሁን ወደ ኳሱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 27 ቀን 2010 የአርሰናሉ አሮን ራምዚ ከስቶክ ሲቲ ጋር ሲጫወት የቅልጥሙ ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ። ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። ያን ጨዋታ ያየ ሰው፣ ልጁ ከእንግዲህ በሁለት እግሩ ቢራመድ ይበቃዋል ሳይል አልቀረም። ከ9 ወር በኋላ፣ በኅዳር ወር፣ ክለቡ ወደ ዋናው ቡድን አላጣደፈውም፤ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ለሚጫወተው ለኖቲንግሃም ፎረስት አዋሰው። እዚያ የተጫወተው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። በጥር 2011 ደግሞ ለካርዲፍ ሲቲ ተሰጠ። ካርዲፍ ማለት ልጁ ኳስ የተማረበት፣ በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን የተሰለፈበት፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ ሰዎች ያሉበት ቦታ ነው። በዚያም ጥቂት ሳምንት ብቻ ቆየ። በመጋቢት ወር የዌልስ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆነ፤ በግንቦት 1 ቀን ማንቸስተር ዩናይትድን አንድ ለባዶ ሲያሸንፉ ግቧን ያገባው እሱ ነበር። እንዲህም ሆኖ ነገሩ በአንድ ጊዜ አልቀናለትም፤ እስከ 2013 ድረስ የገዛ ደጋፊው ያጉረመርምበት እንደነበር እኛ በላሊበላ በዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ተሻምተን ያየን ልጆች እናስታውሳለን። (ካጉረመረሙትም አንዱ እኔ ነኝ፤ ልጅ ነበርሁ።) ከዚያ በኋላ በ2014 እና በ2017 በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ የማሸነፊያዎቹን ግቦች ማን እንዳገባ ለመጽሔታችን አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር ራምዚ በኋላ ታላቅ መሆኑን አይደለም። የምወስደው ውሰቱ አጭር መሆኑን፣ ደረጃ በደረጃ መሆኑን፣ ሁለተኛውም ወደ አገሩ ልጆች መሆኑን ነው። ለስላሳ መሬት ተፈልጎለታል ማለት ነው።

ያው ክለብ ግን ሁሉንም ልጅ እንዲህ ቀንቶት አልመለሰም። ጌድዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በበርሊን ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ፣ በጥር 2014 በ16 ዓመት ዕድሜው ለአርሰናል የተሰለፈ ልጅ ነው። እኛ «የእኛ ልጅ» እያልን ስንት ሌሊት አወራንለት! በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄዶ በ2015/16 ቡድኑ የሁለተኛውን ዲቪዚዮን ዋንጫ ሲወስድ አብሮ ነበር፤ በ2017 መጀመሪያም ወደ ሆላንዱ ቬንሎ ሄደ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በደቡብ ኮሪያ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ለአሜሪካ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ልብ በሉ፤ ለእሱ ውሰቱ የቀደመው ከጉዳቱ በፊት ነው። ከጉዳቱ በኋላ በአርሰናል ሳለ ያገኘው የወጣት ቡድኑን ጨዋታ ነበር፤ በመጋቢት 2019 ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደ። ለጌድዮን ካርዲፍ አልተገኘለትም። ቢገኝለት ኖሮ ሌላ ሰው ይሆን ነበር ብዬ አልምልም፤ ጉልበት መሐላ አያከብርም። የጃክ ዊልሼር ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ብዙ ጊዜ ከተጎዳ በኋላ በ2016 ለበርንማውዝ ተውሶ ጥሩ ጨዋታ ካገኘ በኋላ፣ በሚያዝያ 2017 እዚያው እግሩ ተሰብሮ ተመለሰ። እንግዲህ ውሰት መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ጊዜና መጠን ነው።

ስለ መጠኑ ሐኪሞች የሚሉትን በአጭሩ ላስታውስ። በጉልበት ውስጥ መስቀል ሠርተው የሚያልፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ሲበጠስ በራሱ መልሶ አይጋጠምም፤ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከታፋ በስተኋላ ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት ቈርጦ በምትኩ ይተክላል። የተተከለው ጅማት በጉልበቱ ውስጥ ሕይወት እስኪዘራ ወራት ይፈጃል። ከ9 ወር በፊት ወደ ሜዳ የተመለሰ ሰው ለሁለተኛ ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጥ በጥናት ታውቋል፤ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ሆኖ ወደ ስፖርት ከሚመለሱትም ከአራት ወይም ከአምስቱ አንዱ ዳግመኛ ይጎዳል። የወጣት ሥጋ ቶሎ ይድናል የሚለው የእናቶቻችን ምርቃት እዚህ ላይ አይሠራም። ወጣቱ ሕመሙ ስለ ለቀቀው ብቻ የዳነ ይመስለዋል።

አሁን ያልሳቅሁበትን ምክንያት ልናገር። የአክስቴ ልጅ በላሊበላ ያደገ አጥቂ ነው። ኳስ የተማረው እንደ ሁላችንም አቧራ ላይ፣ አንድ ፈረንጅ እንዲገዛልን ለምነን ባገኘናት ኳስ ነው። (ይህ ልመና ሲነሣ አሁን አፍራለሁ፤ ኳሷ ግን ጥሩ ነበረች።) በ18 ዓመቱ ስሙን የማልጠራው አንድ ክለብ ወሰደው። በ19 ዓመቱ በልምምድ ላይ ጉልበቱ ዞረ። መጀመሪያ ወጌሻ አሸው፤ ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ወጥቶ ኤም አር አይ ሲነሣ ጅማቱ መበጠሱ ታወቀ። ለቀዶ ሕክምናው ክለቡ ከፊሉን ሰጠ፤ ለቀረው አባቱ አንዱን በሬ ሸጠ። በሰባተኛው ወር ክለቡ ጠርቶ «ለሌላ ቡድን በውሰት ሰጥተንሃል፣ እዚያ ጨዋታ ታገኛለህ» አለው። ልጁ ተደሰተ፤ እኔም ተደስቼ «እንደ ራምዚ!» ብዬ ጻፍሁለት። ያን የጻፍሁትን ባላስታውሰው እመርጣለሁ።

የተዋሰው ቡድን አሠልጣኝ ልጁ መታመሙን ሰምቷል፤ ነገር ግን የታመመው የቀኙ ይሁን የግራው ጉልበት አያውቅም። የሐኪም ወረቀት አብሮት አልተላከም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በቡድኑ ውስጥ አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት 90 ደቂቃ ሙሉ ተጫወተ። ጉልበቱ ሲያብጥ ማታ ማታ በበረዶ ፋንታ ቀዝቃዛ ውኃ በፌስታል እያሰረ ያድር ነበር፤ አመመኝ ካለ ወደ ቤት እንደሚሰዱት ያውቃልና። ደመወዙን ሲጠይቅ አዋሹ «የተዋሰህ ይክፈልህ» ይላል፣ የተዋሰው «ባለቤትህ ይክፈልህ» ይላል። አራት ወር ሲቆይ ከላከው ክለብ መጥቶ ያየው አንድ ሰው አልነበረም። ጉልበቱ ዳግመኛ አልተበጠሰም፤ ይህ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ የማንም ጥንቃቄ አይደለም።

የሕግ ተማሪው ጓደኛዬ ይህን ቢሰማ «አላልሁም? ጥለውታል» ይል ይሆናል። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፤ ልጁን የጎዳው መዋሱ ሳይሆን ሳይጠይቁ መዋሱ ነው። ውሰት ነውር ነው ብለን ብንደመድም፣ ከጉዳት የተነሣ ወጣት ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ በትልቁ ቡድን አግዳሚ ወንበር ላይ መድረቅ፣ ወይ ወደ አባቱ ማሳ መመለስ። በአገራችን ያለ ጨዋታ የሚቀመጥ ስንት ልጅ አለ! አቡበከር ናስርን የመሰለ፣ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ ያገባ አጥቂ እንኳ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ከሄደ በኋላ ጉዳት እየተመላለሰ ከሜዳ አራቀው። ሐኪሙና ገንዘቡ በሞላበት ክለብ እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ የታችኛው ሊግ ላይ ያለው ልጅ እንዴት ይሆናል?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ውሰት ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ፣ የተዋሰ ክለብም ተጫዋቹን መልሶ ለሦስተኛ እንዳያውስ ከልክሏል። አንድ ክለብ ወደ ውጭ አገር የሚያውሰው ቁጥርም እየቀነሰ ሄዶ በ2024 ስድስት ላይ ደርሷል። ከዚህ ቁጥር ውጭ የተደረጉት ግን 21 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ፣ በክለቡ ያደጉ ልጆች ናቸው። ሐሳቡ ወጣቱ ጨዋታ እንዲያገኝ ነው፤ አልቃወመውም። ሆኖም ሕጉ ስንት ልጅ እንደሚዋስ ሲቈጥር፣ ልጁ እንዴት ሆኖ እንደሚዋስ አልቈጠረም። ይህን መቍጠር የእኛ ፌዴሬሽንና የእኛ ክለቦች ፋንታ ነው።

እኔ የምመኘው ይህን ነው። ከጉዳት የተነሣ የላስታ ልጅ ሲዋስ፣ በተቻለ መጠን ወደ ገዛ አገሩ ይዋስ። ወልድያ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ሃያ አምስት ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት፤ ቡድኗም በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። ከላሊበላ በጋሸና በኩል በቻይና መንገድ ወርዶ እናቱ ስንቅ ይዛ ልታየው ትችላለች። ይህ ቀልድ አይደለም። ከሕመም የሚነሣ ልጅ ሽንፈቱን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል፤ የአክስቴ ልጅ ማበጡን የደበቀው የሚነግረው ሰው ስላልነበረው ነው።

አንዳንዱ «በወልድያ የትኛው ፊዚዮቴራፒስት አለ? ጦርነቱንስ ረሳኸው?» ይለኛል። አልረሳሁም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ላሊበላና ወደ ወልድያ ሲደርስ የእኛ ቡድን ልጆች በየገጠሩ ተበትነዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተነሣው ግጭትም ያንኑ መንገድ ስንት ጊዜ ዘግቶታል። በዚያ ላይ የእኛ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ስለሆነ ለሳንባ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለጉልበት ሜዳው ክፉ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ባለሙያ የሌለው ቡድን ቢያንስ ወረቀት መቀበል ይችላል፤ ባለሙያ ያለው ክለብም በወር አንድ ጊዜ ስልክ መደወል አያቅተውም። አያቴ የእንስሳት ሐኪም አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል፣ የአክስቴ ልጅ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ አዲስ የውሰት ውል ላከልኝ። ሁለት ገጽ ነው። ከልምምድ የዘገየ ተጫዋች ስንት እንደሚቀጣ በዝርዝር ተጽፏል፤ ጉልበት የሚል ቃል ግን ከዳር እስከ ዳር ፈልጌ አጣሁ። የሐኪሙን ወረቀት ማን ይልካል፣ ደመወዙን የትኛው ይከፍላል፣ በመጀመሪያው ወር ስንት ደቂቃ ይጫወታል፣ ቢያብጥ ማን ይመልሰዋል ብለህ ሳትጠይቅ እንዳትፈርም አልሁት። «ወንድሜ፣ ከጠየቅሁማ ሌላ ልጅ ይወስዳሉ» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ማታ ውሉን ለሕግ ተማሪው ጓደኛዬ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አልሳቀም። አሁን በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ አራቱን ጥያቄዎች በውል ቋንቋ እየጻፈ ነው። መፈረሚያው ቅዳሜ ነው።