የሕዝብ ገንዘብ ሲወጣ ሕዝብ ይወቅ!



በሰፈራችን የቆመውን የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ሐዲድ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን መንግሥት የቻይናው ብድር መክፈያ ከ10 ወደ 30 ዓመት መራዘሙን አበሠረ። ባቡሩ ሥራ በጀመረ ዓመት ሳይሞላው ዕዳው ለልጆቻችን ተላለፈ ማለት ነው።

እኛ የባቡር ጠላቶች አይደለንም። መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የኃይል ማመንጫ ያለ መንግሥት ወጪ አይሠሩም፤ በአግባቡ ከተሠሩም ለትውልድ ይተርፋሉ። ጥያቄያችን ገንዘቡ ከማን ተወሰደ? ማንስ መረመረው? የሚል ነው።

ኢሕአዴግ «ልማታዊ መንግሥት ነኝ» ብሎ በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች 100 ብር ባበደሩ ቁጥር የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አስገደደ። ወለዱ 3 በመቶ፣ የዓመቱ ማብቂያ የዋጋ ንረት ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ግዴታው በ2012 ዓ.ም. ተነሣ ሲባል በብልጽግና ዘመን በ2015 ዓ.ም. በ20 በመቶ ተመልሶ መጣ። ወርክሾፑን ለማስፋት ብድር ለሚሻ ወጣት ምን ተረፈው? ዛሬ ያልተከፈተ ወርክሾፕ የነገ ሥራ አጥነት ነው።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም የቆጣቢውን ገንዘብ ለመንግሥት ድርጅቶች አበደረ። የስኳር ፕሮጀክቶቹ ላም አለኝ በሰማይ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የድርጅቶች ዕዳ በመንግሥት ቦንድ ተተካ፤ ከፋዩ ግብር ከፋዩ ሆነ። ቀደም ሲል በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥት 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፍል ቀርቷል።

«ኢኮኖሚው አድጓል» ይሉናል። አዎን፣ አድጓል። በብድር የተገዛ ዕድገት ግን ብድሩ ሲነጥፍ ይነጥፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር ሒሳቡን መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቅርብ ይላል። የጎደለው ሕግ አይደለም፤ ሕጉን የሚፈራ መንግሥት ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ፦

1. የትልልቅ ፕሮጀክቶች የአዋጭነት ጥናት ብድር ከመፈረሙ በፊት ለሕዝብ ይፋ ይሆናል።
2. የመንግሥት ድርጅቶች ብድርና ዋስትና ከበጀቱ ጋር ለምክር ቤቱ ቀርቦ ይጸድቃል።
3. የኦዲት ግኝትን በ90 ቀን ውስጥ ያላስተካከለ ኃላፊ በሕግ ይጠየቃል።
4. የባንኮችን ገንዘብ በመመሪያ መውሰድ በአዋጅ ይከለከላል።

ዕዳው የእናንተ ነው፤ ውሳኔውም የእናንተ ይሁን። ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ምረጡን!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ